የቀበሮው ቀስት

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ኤሌኒ ስልኳን ስትከፍት ሱቋ ደጃፍ ላይ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ቆመው አገኘች። ገበያተኞች አልነበሩም። ገበያተኛ ሰይፍ መዞ አይቆምም።

ኤሌኒ አንዱዓለም የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናት። ጎንደር ቁስቋም ከእናቷ ከእታገኘሁ ጋር ትኖራለች፤ የምትሠራው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፣ ተማሪ የመለሰውን መጽሐፍ መዝግባ ወደ ቦታው ትመልሳለች። ሱቁ ግን ጎንደር አልነበረም። «ሰባት በር» በሚባል የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ፣ ማሬን በምትባል የወደብ ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው በላይ ባለው ዳገት ላይ ነበር። ጨዋታውን ከየአገሩ ብዙ ሺህ ሰው ይጫወተዋል። አብዛኛው የሚገባው ዘንዶ ሊገድልና ግንብ ሊሰብር ነው። ኤሌኒ ውጊያ አልሆነላትም። በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ተኩላ ዘጠኝ ጊዜ በላት። ስለዚህ ከጫካው ዳር ቅጠል እየለቀመች ቁስል የሚያደርቅ መድኃኒት መቀመም ጀመረች፤ የቀመመችውን ለተዋጊዎቹ ሸጠች፤ ዓመት ሳይሞላት ሱቅ ከፈተች። ይኸው አሁን ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች።

ሱቁን ያስጠራው ግን መድኃኒቱ አይደለም። በዚያ ዓለም የሞተ ሰው ተመልሶ ይነሣል፤ የያዘውን ዕቃ ግን የገደለው ይወስድበታል። ውድ ነገር ያለው ሰው ለጉዞ ሲነሣ የሚያስቀምጥበት ይቸግረዋል። ኤሌኒ ከሱቁ ጓሮ የድንጋይ ግምጃ ቤት አሠርታ የሰው ዕቃ መጠበቅ ጀመረች፤ ሱቁንም «አደራ» ብላ ሰየመችው። የጨዋታው ሕግ እንዲህ ላለው ግምጃ ቤት ሁለት ባለቤትና ሁለት ቁልፍ ይጠይቃል። ዕቃ ማስገባት አንዱ ብቻውን ይችላል። ለማውጣት ግን ሁለቱም መስማማት አለባቸው፤ ያለዚያ በእሳትም በመዶሻም አይከፈትም።

ሁለተኛውን ባለቤት ያገኘችው የማሬን አደባባይ ላይ ቆማ በአማርኛ በመጻፍ ነው። «እዚህ አማርኛ የሚያነብ ሰው አለ?» አለች። ትንሽ ቆይቶ ጺሙ የረዘመ፣ ቁመቱ ያጠረ፣ መጥረቢያ የተሸከመ አንድ ሰው ቀረበና «አለ። ምነው?» ሲል መለሰ። በዚያች «ምነው» የአገሯ ሰው መሆኑን ዐወቀች። የጨዋታ ስሙ ጭላዳ ነበር። አነጋገሩ የትልቅ ሰው ስለሆነባት «አያ ጭላዳ» ትለው ጀመር፤ እሱም ዝም አላት። ኮሶዬ እንደሚኖር፣ መንገድ ዳር ካለችው ከማስተዋል ምግብ ቤት እንደማይጠፋ ነግሯታል። ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም። ንግዱን ያስተማራት እሱ ነው። «ደንበኛ ሲቆጣ፣ መልስ ከመስጠትሽ በፊት መቀመጫ ስጪው» ብሏት ሱቁ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አስገብተው ነበር።

አግዳሚው ላይ ደጋግሞ ከሚቀመጡት አንዱ «ግራጫ ቀበሮ» የሚባል ፖላንዳዊ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ ብቻውን ይመጣል፣ ቀይ መድኃኒት ይገዛል፣ ከዚያ ስለ አገሩ ዝናብ በእንግሊዝኛ እየጻፈ ይቆያል። በዚያ ዓለም ሙሉ ሦስት ብቻ ካሉት ቀስቶች አንዱ የእሱ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ኤሌኒ ሥራ ላይ ሳለች፣ ጭላዳ እንዲህ ሲል ጻፈላት፦ «ቀበሮው ለልብ ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ሊገባ ነው። ቀስቱን ለእኛ ትቶ ሄደ። ሲያስረክበኝ ያሰረኝ ቃል አለ። ነገ ስትገቢ በደንብ እነግርሻለሁ።»

በማግሥቱ ጭላዳ አልገባም። በሣልስቱም አልገባም። በኮሶዬ በኩል ኔትወርክ ጠፍቷል ሲባል ሰማች፤ ይመለሳል ብላ ጠበቀች። አሥራ ሁለት ቀን ሞላው።

እነሆ ዛሬ ደጃፏ ላይ አርባ ሰው ቆሟል። ከፊታቸው የቆመው ራሱ ግራጫ ቀበሮ ነው።

ኤሌኒ ደስ አላት። «እንኳን ተረፍክ። ቀዶ ጥገናው እንዴት ሆነ?» ስትል ጻፈች።

«ደህና ነው። ቀስቴን» አለ።

«ሸሪኬ እስኪገባ ትንሽ ታገሠኝ። አሁን ብቻዬን ነኝ።»

«ቅዳሜ ጦርነት አለን። ቀስቱን ዛሬ እፈልገዋለሁ።»

ወንበሩን አሳየችው። አልተቀመጠም። ወዲያው ወጥቶ ወደ ገበያው ዳኛ ሄደና ከሰሳት። የገበያው ዳኛ ሰው አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ ነው። ውሳኔው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስልኳ ላይ መጣ። የአደራ ቤቱ ሁለት ባለቤቶች እስከ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ድረስ አብረው ቀርበው «እንሰጣለን» ወይም «አንሰጥም» ይበሉ። አንዱ እንኳ ከቀረ ዕቃው ለከሳሹ ይሰጣል፣ ሱቁም ፈቃዱን ይነጠቃል። «አንሰጥም» ካሉ ዕቃው ግምጃ ቤቱ ውስጥ ይቆያል፤ ከሳሹ ግን ሱቁን ለአንድ ቀን የመውጋት መብት ያገኛል፣ የከተማው ዘብም አይደርስላቸውም።

ረቡዕ ጧት ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው የገበያ ግንብ ላይ አንድ ሰው በትልልቁ ጽፎ አገኘች። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ በአማርኛ ቢሆን «አደራ በላ» የሚለው ነው። ከሥሩ ደንበኞቿ ተሰብስበዋል። ሁሉም ዕቃቸውን ይፈልጋሉ። ዕቃቸውን ለመመለስ ደግሞ የጭላዳ ቁልፍ ያስፈልጋል። «ሸሪኬ ጠፍቶብኛል» ብላ በጻፈች ቁጥር ይበልጥ ሌባ መሰለች። አንዲት ከብራዚል የምትገባ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ደንበኛዋ የነበረች ሴት «አንቺን እንኳ አምኜሽ ነበር» ብላ ወጣች። ኤሌኒ ስልኩን አጠፋችና የተመለሱትን መጻሕፍት መደርደር ጀመረች። አንዱን ሁለት ጊዜ ጣለችው።

የዚያን ዕለት ወደ ኮሶዬ የሚያወጣው የደባርቅ መንገድ ዝግ ነበር። ማታ ይከፈታል ተባለ። ሐሙስ ጧት ፈቃድ ጠየቀችና ለእናቷ «አንድ የሥራ ባልደረባ ጠፍቶብኛል፣ ኮሶዬ ደርሼ እመጣለሁ» አለቻት።

«በዚህ መንገድ?» አለች እታገኘሁ።

«ቶሎ እመለሳለሁ።»

እናቷ ጋቢ አውጥታ ሰጠቻት።

ሚኒባሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ። ማሩ የሚባለው ሹፌር ተሳፋሪውን ገና ከመናኸሪያው አስጠንቅቋል፦ «የምሄደው እስከ ኮሶዬ ነው። መመለሻዬን አላውቀውም፤ የሚመለስ ሰው በእኔ እንዳይተማመን።» ወለቃን እንዳለፉ ኬላ ላይ ሁሉም ወረደ። መታወቂያ ታየ፣ ቦርሳ ተፈተሸ፣ ከፊታቸው ያሉት መኪናዎች አንድ በአንድ እስኪያልፉ ፀሐይ ላይ ቆሙ። አንድ ወታደር የኤሌኒን ስልክ አገላብጦ «ለምን ጉዳይ ነው የምትሄጂው?» ብሎ ጠየቃት። «ጠያቂ ነኝ» አለች። ውሸት አልነበረም። ከዚያ ሲለቀቁ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዳገቱን ሲወጡ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባ ጀመር፤ ስልኳ ላይ ያለው የኔትወርክ ምልክት እያነሰ እያነሰ ሄዶ ጠፋ።

የማስተዋል ምግብ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ያለች ቤት ናት። ኤሌኒ ስትገባ ብርቱካን የምትባል አንዲት ሠራተኛ ባዶ ጠረጴዛ ትወለውላለች። እንግዳ አልነበረም።

«ስልክ ላይ ጨዋታ የሚጫወት አንድ ትልቅ ሰው እፈልጋለሁ» አለቻት ኤሌኒ። «እዚህ አይጠፋም ተብዬ ነው።»

«ሰውዬ የለም» አለች ብርቱካን። «ስልክ የምትጫወተው እትዬ ሸዋገነት ናት፣ የቤቱ ባለቤት።»

«ማስተዋልስ?»

«እናቷ ነበሩ። ቤቱ በስማቸው ቀረ። እትዬ ለቅሶ ሄዳለች፤ አረፍ በይ፣ ትመጣለች።»

ኤሌኒን ከጓዳ አስቀመጠቻት። ጓዳው የምግብ ዕቃ የለበትም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሌላ ሰው ንብረት ሞልቶታል፦ የታሰረ ማዳበሪያ፣ የከባድ መኪና ጎማ፣ ሦስት ጀሪካን፣ ሽፋኑ ያልተፈታ ቴሌቪዥን፣ አንድ የሙሽራ ሻንጣ። እያንዳንዱ ላይ በካርቶን ቁራጭ ስም ተጽፏል።

«ይህ ሁሉ የማን ነው?»

«የሹፌሮች ነው። መንገድ ሲዘጋባቸው እዚህ እየጣሉ ይመለሳሉ» አለች ብርቱካን። «ሻንጣዋን ያስቀመጠው ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። እትዬ ግን በየወሩ ፀሐይ ላይ አውጥታ ታናፍሳታለች።»

ኤሌኒ ሰዓቷን አየች። ስድስት ሰዓት አልፏል። መጠበቅ አልቻለችም፤ ለቅሶው ወዳለበት መንደር መንገዱን ጠይቃ በእግሯ ወረደች።

የሞቱት አያ አድማሴ የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። ዳሱ ሞልቷል። ኤሌኒ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላ ገብታ፣ ሴቶቹ በተቀመጡበት በኩል ዓይኗን አዞረች። ብርቱካን እንደነገረቻት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ ወደ ሃምሳ የምትጠጋ ሴት ከዳር ተቀምጣለች። ከጎኗ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አያ ጭላዳ?» አለች።

ሴትየዋ ፊቷን አላዞረችም። ከንፈሯ ላይ ግን የሆነ ነገር መጥቶ ሄደ። «እኔው ነኝ» አለች። «ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

«ቀበሮው መጥቷል። እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነው ያለን።»

«ለቅሶ ቤት ገብቶ ወዲያው መነሣት ነውር ነው። ትንሽ ተቀመጪ።»

ኤሌኒ ተቀመጠች። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ አንዲት አልቃሽ የሟቹን ስም እያነሣች ግጥም ታወርዳለች። ኤሌኒ በማታውቃቸው ሰው ለቅሶ መሃል ስለ አንድ ቀስት እያሰበች መቀመጧ አሳፈራት፤ ሰዓቷን ላለማየት እጇን ጋቢው ውስጥ ከተተች። ስምንት ሰዓት ላይ ሸዋገነት ተነሥታ ቤተ ዘመዶቹን ተሰናበተች፤ ከዳሱ ሲርቁ እርምጃዋ ፈጠነ።

«የኮሶዬው አንቴና ሥራ ካቆመ ይኸው አሥራ አምስት ቀን ሊሆነው ነው» አለች። «መብራትም የለ። ስልኬ ሞቷል። ቻርጅ የሚሆን ይዘሻል?»

«ፓወር ባንክ አለኝ።»

«ሸጋ። ከአፋፉ ላይ የአምባ ጊዮርጊሱ ኔትወርክ አንዳንዴ ይነካል። እንውጣ።»

ወደ አፋፉ የሚወስደው መንገድ የገብስ ማሳ እያቋረጠ ይወጣል። ኤሌኒ እያለከለከች ሁሉንም ነገረቻት፦ አርባውን ሰው፣ ክሱን፣ ግንቡ ላይ የተጻፈውን። ስትጨርስ «ለመሆኑ፣ ወንድ አድርጌ ሳስብዎት ለምን ዝም አሉኝ?» አለቻት።

«ጺሙን ወድጄው ነበር» አለች ሸዋገነት። ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ ሳትጠየቅ ቀጠለች። «ድሮ ቱሪስቱም ሹፌሩም እኔ ቤት ሳይወርድ አያልፍም። እንግሊዝኛውንም ከእነሱ ነው የለቃቀምኩት። መንገዱ ሲዘጋ ሰው ጠፋ። መንገደኛ ሲጠፋብኝ፣ መንገደኛ የሚገኝበት ቦታ ፈለግሁ። ያ ነው ነገሩ።»

«እንግዲህ ቀስቱን እንስጠውና እንገላገል።»

ሸዋገነት ቆመች። «እሱ አይደለም።»

«ስሙም መልኩም የእሱ ነው፣ እትዬ። የገባው በራሱ አካውንት ነው።»

«ጓደኞቹ የይለፍ ቃሉን ያውቁታል። እየተዋዋሱ ነው የሚጫወቱት። ሲያስረክበኝ ያለኝን ልንገርሽ። ‹እኔ ሆስፒታል ስተኛ ጓደኞቼ ቀስቱን ለጦርነት ይፈልጉታል፣ በእኔው ስም ገብተው ይጠይቋችኋል። እኔ ራሴ ብመጣ እንኳ፣ መጀመሪያ ቀን ከእኛ ምን ገዛህ ብላችሁ ጠይቁኝ› አለኝ።»

«ምን ነበር የገዛው?»

«ምንም። መንገድ ጠይቆን ነው የሄደ። አንቺ ረስተሽዋል፣ እኔ አልረሳሁም።»

ኤሌኒ ለሁለት ቀን ስታመነዥከው የነበረው ሐሳብ አሁን ወጣ። «‹አንሰጥም› ካልን ሱቁን ያቃጥሉታል። ሦስት ዓመት የሠራሁት ነው። ሰጥተነው ብንሳሳት ግን ማን ይፈርድብናል? ሕጉም ከእኛ ጋር ነው፣ ባለ አካውንቱ መጥቶ ወሰደ እንላለን።»

«አዎ፣ እንላለን» አለች ሸዋገነት።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል። መሬቱ እዚያ ጋ በድንገት ያልቃል፤ ከታች ቆላው በጉም ተሸፍኖ ተኝቷል። ነፋሱ ጋቢ ይገፋል። ሸዋገነት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳየቻትና ጎን ለጎን ተቀመጡ። የኤሌኒ ስልክ ላይ አንድ ምልክት መጣች፣ ጠፋች፣ እንደገና መጣች። ጨዋታው ለመከፈት ብዙ ቆየ። የሸዋገነት ስልክ ከፓወር ባንኩ ጋር ተያይዞ ነፍስ ሲዘራ ለአሥር ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሆኗል።

የማሬን ዳገት ታየ። አርባው ሰው መቶ ሆኗል። ከእነሱ ኋላ ወሬ ሊያይ የመጣ ሕዝብ አለ። ኤሌኒ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ጭላዳ በመጥረቢያው ተደግፎ ከጎኗ ቆመ።

«አንድ ነገር እንጠይቅህ» ስትል ጻፈች። «የመጀመሪያ ቀን ከእኛ ምን ገዛህ?»

ግራጫው ቀበሮ ወዲያው አልመለሰም።

«ይኸ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ቀይ መድኃኒት። ሁልጊዜ ቀይ ነው የምገዛው» አለ።

ኤሌኒ ወደ ሸዋገነት ዞረች። «ረስቶት ቢሆንስ? ከቀዶ ጥገና ነው የተነሣው። ማደንዘዣ ያስረሳል። እኔ ራሴ እንኳ ረስቼው ነበር።»

«ሊሆን ይችላል» አለች ሸዋገነት። «ረስቶ ከሆነ፣ ያስታወሰ ቀን መጥቶ እኛ ጋ ያገኘዋል። ከሰጠነው በኋላ ግን እሱ አለመሆኑን ብናውቅ፣ ምን ብለን እናስመልሳለን?»

ቀበሮው ቀጥሎ ጻፈ። «አሥራ ሁለት ደቂቃ አላችሁ። እምቢ ካላችሁ ቤቱን አመድ እናደርገዋለን።»

ኤሌኒ ጽሑፉን ደግማ አነበበችው። ግራጫ ቀበሮ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሰው አስከትሎ መጥቶ አያውቅም፣ «እናደርገዋለን» ብሎም አያውቅም። ቢሆንም እርግጠኛ አልነበረችም። እርግጠኛ ሳትሆን ነው ጣቷን ያነሣችው። መደርደሪያዎቹን፣ ከሰሜኑ ጫካ ለቅማ ያደረቀቻቸውን ቅጠሎች፣ አግዳሚውን አንድ ጊዜ አየቻቸውና «አንሰጥም» የሚለውን ነካች።

«ሁለተኛው ባለቤት ይጠበቃል» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ሸዋገነትም ነካች። ስልኳ ላይ አንዲት ክብ መዞር ጀመረች። ትዞራለች፣ አትቆምም። ኔትወርኩ ጠፍቷል። ኤሌኒ ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘችው፣ ዝቅ አደረገችው፣ ምንም የለም። አምስት ጉዳይ ሆነ።

«ወደ ጫፉ ልጠጋ» አለች ሸዋገነት።

«ነፋስ አለ፣ እትዬ።»

«ከኋላ ያዢኝ።»

ጠፍጣፋው ድንጋይ ከገደሉ ላይ አንድ ክንድ ያህል ወጣ ብሏል። ሸዋገነት በጉልበቷ እየዳኸች ጫፉ ላይ ደረሰች፤ ኤሌኒ በደረቷ ተኝታ ቀሚሷንና መቀነቷን በሁለት እጅዋ ጨመደደች። ነፋሱ ሻሹን ከራሷ ገፎ ወደ ቆላው ወሰደው። ሸዋገነት ክንዷን ወደ ባዶው ዘርግታ ስልኩን ያዘች። ኤሌኒ የሚታያት የሴትየዋ ጀርባ ብቻ ነው። መቁጠር ጀመረች፤ ስንት ላይ እንደደረሰች ጠፋባት።

«ሄደ» አለች ሸዋገነት።

«በእውነት?»

«ቆመች ክቧ። ሄዷል። ጎትቺኝ።»

ሁለቱ ከጫፉ ርቀው ሣሩ ላይ ሲቀመጡ የሸዋገነት ጉልበት ደምቶ ነበር። ስልኩ ላይ የዳኛው ቃል ወጥቷል፦ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ተመዝግቧል፣ ዕቃው በግምጃ ቤቱ ይጸናል፣ ሱቁ ለአንድ ቀን ጥበቃ የለውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአንድ ስልክ ተያይዘው ተመለከቱ። መጀመሪያ በሩ ወደቀ። ጭላዳ ደፍ ላይ ቆሞ መጥረቢያውን ሁለት ጊዜ ሰነዘረ፣ ለሦስተኛው አልደረሰም። ኤሌኒ የምትዋጋበት ስላልነበራት ዝም ብላ ሞተች። መደርደሪያዎቹ ተያያዙ፤ ጠርሙሶቹ እየፈነዱ አረንጓዴና ቀይ ጭስ አወጡ። ከጭሱ መሃል የድንጋዩ ግምጃ ቤት እንዳለ ቆሞ ይታያል፣ ሰዎቹ በመዶሻ ይደበድቡታል፣ አይነቃነቅም። ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠና ሥዕሉ እንደዚያው ደርቆ ቀረ።

ኤሌኒ አለቀሰች። ለጨዋታ ማልቀሷ ሴትየዋ ፊት አሳፍሯት ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። ሸዋገነት ግን ትከሻዋን ይዛ «አልቅሺ» አለቻት። «የሠራሽው ነው።»

ማሩ እንዳለው የሚመለስ መኪና አልተገኘም። ኤሌኒ ኮሶዬ አድራ ዓርብ ጧት ድንች በጫነ አይሱዙ ጎንደር ገባች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከእሳቱ ይበልጥ ከበዷት። ፈቃዳቸው ስላልተነጠቀ፣ የኮሶዬው አንቴና በሳምንቱ ሲመለስ ሁለቱ አብረው እየገቡ የደንበኞቹን ዕቃ አንድ በአንድ መለሱ። ደንበኞቹ እየተቀበሉ ሄዱ፤ ጥቂቱ አመሰገነ፣ አብዛኛው ምንም አልጻፈም። ግንቡ ላይ ያለው ጽሑፍ አልጠፋም። ሱቅ ስለሌላቸው ከዓሣ ገበያው ጥግ ምንጣፍ ዘርግተው ተራ መድኃኒት ይሸጣሉ። ግራጫው ቀበሮ ተመልሶ አልመጣም። ኤሌኒ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራዋን እየሠራች አንድ ሐሳብ ብቻ ይመላለስባታል፦ እሱ ራሱ ኖሮ፣ ረስቶት ብቻ ቢሆንስ?

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ሳሉ አንዲት አዲስ ገቢ ከወደቡ በኩል መጣች። ልብሷ ለጀማሪ ሁሉ የሚሰጠው ቡናማ ከረጢት ነው፤ ጫማ የላትም። ግድግዳ ትገጫለች፣ ትዞራለች፣ ያንኑ ግድግዳ መልሳ ትገጫለች። አንዴ ውኃው ውስጥ ወድቃ ሸዋገነት አወጣቻት። ስሟ ማግዳ ይላል።

«አደራ የሚባል ሱቅ እፈልጋለሁ» ስትል ጻፈች። በጣም በዝግታ ነው የምትጽፈው። «ሦስት ቀን ፈለግሁ። አራት ጊዜ ተኩላ በላኝ።»

«እኛ ነን» አለች ኤሌኒ። «ሱቁ ተቃጥሏል። ማን ልኮሽ ነው?»

«ባለቤቴ። እዚህ ቀበሮ ነው የሚባለው።»

የጠየቀችው ሸዋገነት ናት። «የመጀመሪያ ቀን ከእኛ ምን ገዛ?»

«ይቅርታ፣ ቆዩኝ፣ ወረቀቱ ላይ ጽፎልኛል።» ጽሑፏ ቆይቶ መጣ። «ምንም አልገዛሁም ይላል። መንገድ ጠይቄ ሄድኩ። ልክ ነው?»

ልክ ነው አሏት። ከዚያ ማግዳ እየቆራረጠች አጫወተቻቸው። ባሏ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለአሥራ ስድስት ቀን አልነቃም ነበር። አሁን ነቅቷል፤ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ስላለ መናገር አይችልም፣ በእርሳስ ነው የሚጽፈው። ጓደኞቹ በስሙ መግባታቸውን ሰምቶ ቀስቱ እንደሄደ ቆጥሮታል። ያም ሆኖ «ሄደሽ እይልኝ» አላት። እሷ ይህን ጨዋታ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠላው ነበር የኖረችው።

ሁለቱ ወደ ዳገቱ ይዘዋት ወጡ። ከአመዱ መሃል ግምጃ ቤቱ ቆሟል። ኤሌኒ ቁልፏን አዞረች፣ ሸዋገነት የእሷን አዞረች፣ በሩ ተከፈተ። ቀስቱ እንዳስቀመጡት ነው።

«ውሰጂው» አለቻት ሸዋገነት።

«አይሆንም። እዚያው ይቀመጥ ብሏል። ካየሁት ይበቃል፣ ሄጄ እነግረዋለሁ።» ማግዳ በሩ ላይ ቆማ ብዙ ጊዜ ተመለከተች። ከዚያ «አሁን ከዚህ እንዴት ነው የሚወጣው? መዝጊያውን አላውቀውም» ብላ ጠየቀች፤ ኤሌኒ የትኛውን ነገር መንካት እንዳለባት አሳየቻት።

ቀበሮው ራሱ የገባው በጥር ነው፣ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ። የሆነውን ሁሉ በገበያው ግንብ ላይ በስሙ ጻፈ። ከድሮ ደንበኞቻቸው ግማሽ ያህሉ ተመለሱ፤ ብራዚላዊቷ ግን አልተመለሰችም፣ ኤሌኒ ዛሬም ድረስ በየቀኑ ስሟን ትፈልጋለች። አዲሱ ሱቅ ከበፊቱ ያነሰ ነው።

በዚያው ወር መንገዱ ሲረጋ ሸዋገነት ለምግብ ቤቷ ዘይት ልትገዛ ጎንደር ወረደች፤ በዚያውም ቁስቋም ኤሌኒን ልትጠይቅ መጣች። እታገኘሁ እንግዳዋን አስቀምጣ ምሳ አቀረበች፤ ሲበሉ ግን አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን እያየች ቆየችና ነገሩ አላስችል አላት።

«ለመሆኑ የእኔ ልጅና አንቺ የት ነው የተዋወቃችሁት?» አለቻት።

ኤሌኒ ምን ብላ እንደምትጀምር ስታስብ ሸዋገነት ቀደመቻት።

«ገበያ» አለች፣ ቁራሹን እያጠቀሰች።